እምቢ የሚለው ቁልፍ

ጓድ ፋንታ ሲስቅ ድዱ ይታያል፤ ድዱን ሳይ እኔን ያቅለሸልሸኛል። በ1982 ዓ.ም. ሞጣ ላይ የመንደር ምሥረታው ኃላፊ እሱ ነበር፤ ገበሬውን ከጎጆው እያፈናቀለ ሜዳ ላይ የሚያሰፍር። ኮምፒዩተር የለገሱን ፈረንጆች «ገበሬው የሚነሣው በፈቃዱ ነው ወይ?» ብለው ስለጠየቁ፣ ገበሬው ራሱ እስክሪን ላይ ምርጫውን ሲጫን ሊያሳያቸው ፈለገ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

የኮምፒዩተሩን ሙያ የተማርኩት ቢቸና ወርጄ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣው አስተማሪ ከውበቴ ነው። እስክሪን ላይ የሚጫኑት፣ አማርኛ የሚያውቅ ዝግጁ ቁልፍ ስላልነበረ፣ ፊደሉን በነጥብ በነጥብ እየሣልን የራሳችንን ሠራን።

«ስሜነሽ፣ አንዱን ቁልፍ አባት አድርጊው» አለኝ ውበቴ። «ልጁ መልኩንም ጠባዩንም፣ ማለት ሲጫኑት የሚያደርገውን፣ ይወርሳል። የማትፈልጊውን ጠባይ ግን እንደ አዲስ ካልጻፍሽለት አባቱን መስሎ ይቀራል።»

ሞጣ ተመልሼ «እሺ»ን ሠራሁ፤ ከእሱም «እምቢ»ን አስወለድኩ። ሲጫኑት ወደ ውስጥ ሰመጥ ማለቱ ደስ ይላል። ጓድ ፋንታ ጠጋ አለና በማውሱ እምቢን ተጫነው። «ለመነሣት ተስማምተዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የእምቢን ጠባይ ገና አልጻፍኩለትም ነበር።

«አላለቀም፣ ጓድ። አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

ድዱን አሳየኝ። «እንዳትነኪው! የአባቱ ልጅ ነው! እምቢ ያለውም እሺ ካለ ሌላ ምን እንፈልጋለን?» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገው። እጁ ያረፈበት ቦታ ቀፈፈኝ፤ ቤቴ ገብቼ ቀሚሴን አጠብኩ።

ፈረንጆቹ ለሚመጡበት ዕለት የተመረጡት አያ ይርሳው ነበሩ፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሽማግሌ። ጎጆውንም ማሳውንም ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ልጆቻቸው የተቀበሩትም እዚያው አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። «እዚያው ልሙት» እያሉ ቢሮ ለቢሮ ሲለምኑ ከርመዋል። እንግዲህ እሳቸውን ነው ጓድ ፋንታ በዚያ ቁልፍ ሊያታልላቸው የፈለገው። በማግስቱ ጠዋት የእምቢን ጠባይ ጻፍኩለት፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ።

ፈረንጆቹ መጡ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። አያ ይርሳው ማውሱን እንደ እንቁላል ያዙት። ፊደሉን በከንፈራቸው አንድ በአንድ ቆጥረው እምቢን ተጫኑ።

እስክሪኑ ላይ «አልነሣም ብለዋል» የሚል ወጣ።

ጓድ ፋንታ ሲያነበው ፊቱ ተለዋወጠ። ወዲያው ግን ወደ ፈረንጆቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ «በደስታ ተስማምቷል» አላቸው። አጨበጨቡ። አያ ይርሳውም የተሰማላቸው መስሏቸው እጅ ነሡ።

እዚያ ላይ አንገሸገሸኝ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ማሽኑ እንኳ እውነቱን ተናግሮ ሰውዬው ይዋሽ? እንግሊዝኛዬ ከኮምፒዩተሩ መማሪያ መጽሐፍ የለቀምኩት ነው፤ ለዚህ ግን አላነሰም።

«እምቢ ነው ያሉት» አልኳቸው ለፈረንጆቹ። «ቤቴን አልለቅም ነው የሚሉት።»

ጭብጨባው ቆመ። ፈረንጆቹ ወደ እስክሪኑ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው፣ ከዚያ ወደ ጓድ ፋንታ አዩ።

«ቁልፉን አስረክቢና ከዚህ ውጪልኝ!» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«የትኛውን፣ ጓድ?»

የቢሮውን በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «አልነሣም ብለዋል» የሚለው ግን እስክሪኑ ላይ እንዳለ ነበር፤ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።