ለሁለት አገር አንድ ጭንቅላት

ጭንቅላቴ ትልቅ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራውን ሌላው ይንዛ፣ እኔ የማወራው በሜትር ስለተለካ ነገር ነው። ሁለት መንግሥታት ተቀምጠው፣ የሁለት አገር ሕዝብ ጭንቅላት አማርጠው፣ በመጨረሻ የተስማሙት በእኔ ነው። ሚስቴ «ሌላ ፈቃደኛ ጠፍቶ ነው» ትላለች። ሚስቴ ለታሪክ ጆሮ የላትም።

የምሠራው ዋጋ በሚያጠና መሥሪያ ቤት ነው። ሥራችን የእኛን ኑሮ ከወንዙ ማዶ ካለው አገር ኑሮ ጋር ማስተያየት ነው። የእኛና የእነሱ ገንዘብ ባንክ ቤት አንድ ለአንድ ይመነዘራል፤ ባንክ ቤት እኩል የሆነ ገንዘብ ግን ገበያ ሲወጣ እኩል ላይሆን ይችላል። እዚህ ሁለት ዳቦ የሚገዛው እዚያ አንድ ብቻ ከገዛ፣ የማዶው ኑሮ እጥፍ ተወዷል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዕቃ ከዚህም ከዚያም ፈልጎ ዋጋውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሲያዩት የሕፃን ሥራ ይመስላል። እኔ ባልኖር ግን ሁለቱም አገሮች ኑሯቸውን ሳያውቁት ይኖሩ ነበር።

ፈተናው ዕቃው ቁርጥ አንድ ይሁን መባሉ ነው። የማዶውን ቡድን የምትመራው ሴት ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፤ ባለ ሜትሯ ነው የምንላት። ዳቦ አቀረብን። «የእናንተ ቅርፊቱ ይወፍራል» አለች፤ ተሰረዘ። እነሱ እንቁላል አመጡ። የእነሱ ታጥቦ ነው የሚሸጠው፣ የእኛ ዶሮዋ እንደጣለችው ነው፤ እሱም ተሰረዘ። በእንጨት ወንበር ልንስማማ ስንል የእኛው እንደሚነቃነቅ ተደረሰበት። እነሱ የራሳቸውንም ለማነቃነቅ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ግን የትኛው እግሩ ይጠር በሚለው ላይ ተጣላን። እንዲህ እንዲህ ስንል ከሺህ ዕቃ አንድ ብቻ ቀረን፤ የወንድ ፀጉር መቆረጥ።

«ጭንቅላቱም አንድ መሆን አለበት» አለች ባለ ሜትሯ።

የእኔ ስም የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና እዚህ የተቆረጠ ፀጉር ማዶ ሲሻገር ምኑ ይቆረጣል? እስኪያድግ እንጠብቅ ቢባል ዋጋ አይጠብቅም። የተማረው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እኔ ተነሣሁና «ግራውን እዚህ፣ ቀኙን እዚያ፣ በአንድ ቀን!» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር። እርግጥ ያጨበጨበው አለቃዬ ብቻ ነው፤ የአለቃዬ ጭብጨባ ግን የመቶ ሰው ነው።

ለአገር ብቻ ብዬ አልነበረም። ልጄ አሳንሰር ጠጋኝ ናት፤ እሷ የነካችው አሳንሰር ጣሪያ በስቼ ልሂድ ይላል። ኩባንያዋ የማዶውን ቅርንጫፍ ሊሰጣት ነው። የማዶ ደሞዟ ታዲያ እዚህ የምታገኘው ገንዘብ የእኛ ንጽጽር በሚያወጣው ቁጥር ተባዝቶ ነው የሚቆረጥላት። ቁጥሩ በዚያች ቀን ካልወጣ ደግሞ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«አባዬ፣ አንተ የገባህበት ነገር መቼ ቀንቶ ያውቃል?» አለችና የመሣሪያ ቦርሳዋን እንዳነገተች ተከተለችኝ።

መጀመሪያ ዋጋውን ከምትመዘግበው ከባለ ሜትሯ ጋር ወደ እኛው ፀጉር አስተካካይ፣ ወደ ሚስቴ ወንድም ሄድን።

«ግማሹን ብቻ?» መቀሱ አየር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ጤናዎን ነው?»

«የመንግሥት ሥራ ነው። ቁረጥ።»

«እንዲህ ሆነው ከዚህ በር ሲወጡ የሚያይ ደንበኛስ ምን ይለኛል? ሙሉው ሃምሳ ነው። ግማሹ ግን መቶ! ስሜ የሚጠፋበትም ዋጋ አለው።» ፊቱ ቲማቲም መስሎ ግራዬን ላጨው።

ባለ ሜትሯ «መቶ» ብላ ጻፈች።

ድልድዩ ላይ ጠባቂው የፓስፖርት ፎቶዬን ግማሹን በመዳፉ ሸፈነ፣ ደግሞ ገለጠ። «በቀኝ በኩል እርስዎ ነዎት። የግራውን ሰውዬ ግን አላውቀውም፤ ለብቻው ቪዛ አለው?»

«ሁለታችንም የመንግሥት እንግዶች ነን» አልኩት። ባለ ሜትሯ ወረቀቷን ባታሳይ ኖሮ ግማሼ እዚያው ይቀር ነበር።

የማዶው ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ «ፀጉር ሃምሳ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ፂሙ ደረቱ ላይ የተኛ ሰው ነው። ገና ሲያየኝ ማበጠሪያው ከእጁ ወደቀ።

«ማነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«የሚስቴ ወንድም።»

«አይ የአማች ነገር!» አለና ክንዴን ይዞ እንደ በሽተኛ አስቀመጠኝ። ቀኜን ሲቆርጥ እጁ እንደ ላባ ነበር።

«ስንት ልክፈል?» አልኩ ሲጨርስ።

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«እንዲህ ሆኖ ከመጣ ሰው ገንዘብ ብቀበል እጄ ይቆረጥ!»

ባለ ሜትሯ «ዜሮ» ብላ መጻፍ ጀመረች።

«ይቆዩ፣ ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ልጄ።

«እዚህ አገር ኑሮ ነፃ ነው ማለት ነው፣ እመቤቴ። ደሞዝዎ በዜሮ ይባዛል።»

ልጄ ግድግዳውን ተደገፈች። እኔማ ወኔዬ መጣ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ችግረኛ መስዬህ ከሆነ ተሳስተሃል! ሦስት ፎቅ አለኝ፣ መኪናዬ ከዚህ ቤት ይረዝማል፣ ሚኒስትሮች ምክር ሲፈልጉ በሬ ላይ ይሰለፋሉ!»

እንዲህ ባልኩ ቁጥር የሰውየው ዓይን እንባ ያቀርራል። «አይዞዎት» አለ፣ ትከሻዬን እየደባበሰ። «ሁሉም ቀስ በቀስ ይመለሳል። ሻይ አምጡለት! በእኔ ነው!»

ባለ ሜትሯ ዋጋ ከዜሮ በታች መውረድ ይችል እንደሆነ ደንቡን ትገልጥ ጀመር።

ሻዩ ሳይመጣ ብድግ አልኩና መስተዋቱ ፊት ቆምኩ። «ለመሆኑ ይሄ ቁርጥ ነው? የሚስቴ ወንድም ዓይኑን ጨፍኖ ከዚህ ይሻላል! በግ የሚሸልት ሰው እንኳ በጉን ያከብራል!»

ፂሙ ተንቀጠቀጠ። «ምን አልክ?»

ልጄ አየችኝ። ከዚያ ቀና አለች፤ የእኔ ልጅ አይደለች! ከቦርሳዋ ውሃ ልክ አወጣችና አናቴ ላይ አጋደመችው።

«አባዬ እውነቱን ነው» አለች፣ ባለሙያ ድምፅ አውጥታ። «በቀኝ በኩል ተንጋዷል። በዚህ ዓይነት አሳንሰር ቢሰቀል ሰው አይተርፍም።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ!» አለ ሰውየው፣ ድምፁ ወደ ጩኸት እየተለወጠ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ተንጋደደ ያለኝ የለም! ሦስት መቶ! ሦስት መቶውን ቁጭ አድርግና ከቤቴ ውጣልኝ!»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ገንዘብ ከፍዬ አላውቅም።

ባለ ሜትሯ ግን ሰሌዳውን አየች። «ሃምሳ ይላል እኮ። ይህ የንዴት ዋጋ ነው።»

«የእኛውስ? የሚስቴ ወንድም መቶ ያለው በደስታ ነው? ንዴት በንዴት፣ ግማሽ በግማሽ፣ ራስ በራስ! እመቤት፣ ከሺው ዕቃ ይህን ያህል አንድ የሆነ አግኝተው ያውቃሉ?»

እስክሪብቶዋን ነከሰች። ወደ ፂማሙ ዞረች። «ይቅርታ፣ የተናደዱት እስከ የት ድረስ ነው?»

«እስከ አናቴ!»

«የእነሱስ?»

«እስከ አናቱ» አልኳት። «ቲማቲም መስሎ ነበር፣ አይተውታል።»

ፂማሙን ትክ ብላ አየችው። የቲማቲም ቀለም ነበረው። «ይመሳሰላሉ» አለችና ጻፈች፤ መቶ በሦስት መቶ። የማዶ ኑሮ የእኛ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ ፊርማ አረፈበት፣ ቁጥሩም ከመምሸቱ በፊት ኩባንያው ዘንድ ደረሰ።

ልጄ መንገድ ላይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ሦስት እጥፍ፣ አባዬ! ሦስት እጥፍ!»

«ዕድሜ ለዚህ ጭንቅላት በይ። ሳልጠራጠር ልንገርሽ፣ ሐውልት ይሠሩለታል።» ትንሽ ሄድን። ሰውየው ክንዴን ይዞ ሲያስቀምጠኝ ትዝ አለኝና ቆምኩ። «ምስኪን ጥሩ ሰው ነበር እኮ። እጁም ወርቅ ነው። ለመሰናበት ያህል ብቅ ብዬ…»

ክንዴን ጭብጥ አደረገችው።

«ወደ ድልድዩ፣ አባዬ። ይቅርታ ጠይቀህ ገንዘቡን ከመለሰልህ ደሞዜ አለቀለት።»