ጥርት ብሎ ይሰማል

ክንዱ ሬዲዮ ሰላም ሲለው ተነሥቶ የሚመልስ ሰው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋዜጠኛው አምላኩ ከፍኖተ ሰላሙ ጣቢያ «የላህ ድምፅ አድማጮች፣ እንደምን አደራችሁ?» ሲል፣ ክንዱ ወምበርማ፣ ከሽንዲ በታች ካለው ቆላ ሆኖ «እግዜር ይመስገን፤ አንተስ እንዴት አደርክ አምላኩ?» ይላል። ሚስቱ አደይ «ይሰማህ ይመስል» ብላ ትስቅበታለች። ትሳቅ። እሱ በየወሩ ለጣቢያው ደብዳቤ ይጽፋል፣ አምላኩም ደብዳቤውን እያነበበ «የወምበርማው ጋሽ ክንዱ፣ የሩቁ ጆሯችን» ይለዋል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ከዘመድም አይገኝ።

ደብዳቤው የጨዋታ አልነበረም። ጣቢያው የሚያሰራጨው በመካከለኛ ሞገድ ነው፤ ያ ሞገድ ተራራ ወጥቶ ገደል ወርዶ እነክንዱ ቆላ ድረስ ይገባል። ክንዱ ከባሕር ዛፉ ጫፍ እስከ ቤቱ ጣሪያ ሽቦ ዘርግቶ፣ «ሰኞ ደህና፣ ማክሰኞ በዝናቡ የተነሣ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ሐሙስ ጥርት ያለ» እያለ አሥራ ስምንት ዓመት መዝግቧል። የስልክ ኔትወርክ የሚባለው ነገር እነሱ ሰፈር ዝር ብሎ አያውቅም። ስለዚህ የሞተውም የታመመውም ወሬው የሚደርሰው በዚያች ሬዲዮ ነው። የሐዘን ማስታወቂያ ሲነበብ ክንዱ በወረቀት ይይዝና የሚመለከተው ቤት ሄዶ ያረዳል። አገሩም ለመርዶ እሱን ያምናል።

ታላቅ እኅቱ ንግሥቴም አምናዋለች። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሩቅ አገር፣ ሊበን ተድራ እዚያው ወልዳ ከብዳ ቀረች። ፋሲካን ሊጠይቃት ሄዶ ስትሸኘው፣ «የባሰብኝ ቀን በሬዲዮ አስነግራለሁ። ብቻ አፈር ሳታለብሰኝ እንዳትቀር» አለችው። ማለላት።

ከዚያ በኋላ በጥር፣ አምላኩ ራሱ በመኪና መጣ። ክንዱ ድምፁን እንጂ መልኩን አያውቅም ነበርና ሲያቅፈው እንባው ቀደመው። ጣቢያው መካከለኛ ሞገዱን ትቶ ወደ ኤፍ ኤም ሊዛወር ነው፣ ሙከራው ተጀምሯል፣ የሩቅ አድማጭ ምስክርነት እንፈልጋለን አለው። መኪናው ቁልቁለቱን አይወርድምና አፋፉ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆሙ። አምላኩ የያዘውን አዲስ ሬዲዮ ከፈተ።

«እንዴት ነው ጋሽ ክንዱ፣ ይሰማል?»

«ኧረ ጥርት ብሎ ይሰማል። ታች እኛ ቤት ግን ወርደን ብናየው…»

«እሱን ለእኔ ይተዉት። ዋናው ማሰራጫ ሲተከል ጓዳዎ ድረስ ይገባል።»

የክንዱ ልብ አልተቀበለውም። የሌላ ከተማ ኤፍ ኤም አፋፉ ላይ ሲዘፍን ቆይቶ ቁልቁለቱ ሲጀመር ጭጭ እንደሚል ስንት ጊዜ አይቷል። ነገር ግን አገር አቋርጦ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር መሰለው። ይሉኝታ ያዘው። ማይክሮፎኑ አፉ አጠገብ ሲደርስ «ከወምበርማ ክንዱ ነኝ፤ እኛ ቆላ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ። የሰጡትንም ወረቀት ፈረመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቃሉ ከዚያ ወዲያ የእሱ አልሆነም።

በሚያዝያ አንድ ማለዳ ሬዲዮውን ሲከፍት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ሽቦውን አስረዘመ። የባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሞቀ፣ ቆይቶም አዲስ ገዛ። ኤፍ ኤም የሚይዝ ሬዲዮ ከቡሬ አስመጣ፤ እሑድ ቅዳሴ ይዞት ሲወጣ ይናገራል፣ ቤቱ ሲመለስ ዲዳ ይሆናል። «አይሰማም» እያለ ሦስት ደብዳቤ ለጣቢያው ጻፈ፤ አንዱም መልስ አላገኘ። ጎረቤት መርዶ ሊጠይቅ ሲመጣ «ይስተካከላል፤ አምላኩ ቃል ገብቶልኛል» ይል ነበር። ኋላ ሲያስበው ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው፣ ለዚያ ሰው ጠበቃ ሆኖ መክረሙ ነው።

በሰኔ፣ ሽንዲ ገበያ ላይ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ ፋጢማ እጁን ያዘችው። «አላህ ያጽናዎት፣ አያ ክንዱ።»

«በማን?»

ፋጢማ ደነገጠች። ንግሥቴ ከተቀበረች አሥራ ሰባተኛ ቀኗ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የአገሩን መርዶ ሁሉ ሲያደርስ የኖረ ሰው የራሱን ከበርበሬ ተራ ሰማ።

መንገድ ላይ ዱርቤቴ አድሮ በማለዳ ሊበን ገባ። ከአጥሩ በር ጀምሮ እየጮኸ አለቀሰ። ወጉ፣ ዘግይቶ ለመጣ ልቅሰኛ ቤተኛው ተነሥቶ አብሮት ማልቀስ ነው፤ ሐዘኑ እንደ አዲስ ይጀመርለታል። ማንም አልተነሣም። የንግሥቴ ልጅ ደጀኔ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ «ይቀመጡ አጎቴ» አለው።

«አልሰማሁም ልጄ። ማርያምን አልሰማሁም።»

ደጀኔ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ማታም ጠዋትም አስነገርን። ሬሳዋን አሳድረን ጠበቅንዎት። እሷም ነፍሷ እስኪወጣ ዓይኗ ከበሩ ላይ አልተነሣም።»

«ሬዲዮው እኛ ዘንድ አይሰማም!»

ደጀኔ እጁን ዘርግቶ መደቡ ላይ ያለውን ሬዲዮ ከፈተ። አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። አዲሱ ማሰራጫ ሊበን ላይ ደህና አድርጎ ይሰማል። ክራር ተመታ፣ ቀጥሎ የክንዱ የራሱ ድምፅ ቤቱን ሞላው፦ «ከወምበርማ ክንዱ ነኝ፤ እኛ ቆላ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

«በየጠዋቱ እንዲህ ይላሉ» አለ ደጀኔ። «የእናቴም ማስታወቂያ ከዚህ ቀጥሎ ነው የተነበበው። ሊበን በሙሉ ሰምቷል።»

የጣቢያው ሰዎች አይሰማም ብሎ የጻፈውን የክንዱን እጅ ጥለው፣ ይሰማል ያለውን አፉን ይዘው ቀርተዋል። ያውም አምላኩ። ያውም ያን ሁሉ ዓመት ወዳጄ ያለው ሰው።

«ያ ሰው ዋሽቷል» አለ ወደ ሬዲዮው እየጠቆመ። «እኔው ነኝ፤ ግን ዋሽቻለሁ። እንግዳ ማሳፈር ፈርቼ ነው። እውነቱ አሁን የምነግርህ ነው።»

«እሺ አጎቴ። የትኛውን ክንዱን እንመን?»

ሬዲዮው ውስጥ አምላኩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያ ክንዱ የሚወደው ድምፅ እንደ ድሮው ሞቅ ብሎ መጣ። «የላህ ድምፅ አድማጮች፣ እንደምን አደራችሁ? የወምበርማው ጋሽ ክንዱ፣ የሩቁ ጆሯችን፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ አየው። አሥራ ስምንት ዓመት የለመደ አፉ ሊመልስ ተከፈተ። በሁለት እጁ ከደነው፤ ልቅሶው ግን በጣቶቹ መካከል ወጣ፣ ብቻውን አለቀሰ።