በመንገድ የማይነገር መርዶ

ጀሚል እናቱን ሰኞ ቀብሮ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ አይሱዙውን አስነስቶ ከከሚሴ ወጣ። ኅዳር 1993 ዓ.ም. ነበር፤ ስልክ በየኪሱ ገና አልገባም። መተማ፣ ሸኽዲ ያለች እህቱን አሲያን የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል፤ መኪና ያለውም ወንድሟም እሱ ነው። ሸህ ቃሲም በመስኮቱ በኩል እጁን ይዘው፣ «አደራ ጀሚል። እናትሽ ታማለች በላት፣ ከዚያ የዘለለ ቃል እንዳይወጣህ። መርዶ ወግ አለው፤ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት እጅ ባለበት። በመንገድ አይነገርም» አሉት።

እሱም እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! የከበደው አሲያ ከጎኑ ጋቢና ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

አሲያ ከቤት ከጠፋች ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሀዲጃ ለአንድ የባቲ ነጋዴ ልጅ ቃል ሰጥታባት ሳለ፣ እሷ ኸይሩ ከሚባል የሰሊጥ አጫጅ ጋር መተማ ገባች። ሀዲጃም «እኔ ሴት ልጅ አልወለድኩም» ብላ ተቀመጠች። ግትርነቱ የቤቱ ሁሉ ነው። እናት ቃል ሳትልክ፣ ልጅም ሳትልክ ስድስት መከር አለፈ።

አሁን ግን «እማ ታማለች፣ ትጠራሻለች» ሲላት ሰዓት አልፈጀችም። ልጇን ለአማቷ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት ታቅፋ ወጣች።

«ጉልበቷን ያማት የለ? እዚህ አገር በዚህ ያሹታል። አንተዋ፣ ቀስ እያልክ ንዳ፣ እንዳይሰበርብኝ።»

«ከወንበሩ ኋላ አስቀምጪው።»

«ሞቼ ነው!» አለች ጭኗ ላይ እያመቻቸች።

የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ነው። የታጨደ ሰሊጥ ግራና ቀኝ ተከምሮ ይታያል፤ ፀሐዩ ጋቢናውን እሳት አድርጎታል። አሲያ አንድ ነገር ትለማመዳለች። «ገና ከበሩ ስገባ ጉልበቷ ላይ እወድቃለሁ። ‘እማ፣ አጥፍቻለሁ፣ አፉ በይኝ’ እላታለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ ጉልበቷን ማሸት ነው። ትቆጣ ይሆን ጀሚልዋ?»

«አትቆጣም» አላት።

በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይሄ ብቻ ነበር። ጎንደር እስኪገቡ ድረስ አባባሏን ሦስት ጊዜ ለወጠችው፤ አንዴ «አጥፍቻለሁ»ን አስቀደመች፣ አንዴ «ልጅሽ ነኝ»ን ጨመረች። በየጊዜው «ይሄ ይሻላል?» ትለዋለች። እሱም ይሻላል ይላታል። ምን ይበል?

በማግስቱ ከወረታ ተገንጥለው ቻይኖች የሠሩትን መንገድ ያዙ። ጠጠር ነው፤ ከፊት የሚሄድ አንድ መኪና ካለ አገሩ በአቧራ ይጠፋል። ደብረ ታቦርን አልፈው ወደ ጋይንት ሲወጡ አሲያ እጇን ክንዱ ላይ ጣል አደረገች።

«ወላሂ እንዳንተ ያለ ወንድም የለም። መከር ሰሞን ሥራህን ጥለህ፣ ታመመች ስትባል ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ መጣህልኝ። ሌላው ቢሆን ‘ጭነቴ ይለፍና’ ይል ነበር።»

ጀሚል መሪውን ጨበጠ። ያንን ቃል ከየት አመጣችው? የራሱ ቃል ነው እኮ። ጥቅምት ሲያልቅ ሀዲጃ ብቻውን ጠርታ፣ «ሂድና አሲያን አምጣልኝ። አፉ ማለቴን ከአፌ ትስማው፤ በሰው አልክም» ብላው ነበር። የጨፋ ሜዳ ማሽላ የሚጫንበት፣ ሾፌር ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሰሞን ነው። «ጭነቴ ይለፍና እሄዳለሁ እማ» አላት። በሳምንቱ ደግማ ጠየቀችው። «ይችን አንድ ዙር ብቻ» አላት። ሦስተኛ አልጠየቀችውም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ በራፉ በሰው ተሞልቶ ጠበቀው። ይህን ከእሱና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ዓይንህ ምን ሆነ?» አለችው አሲያ።

«አቧራ ነው።»

«አብሽር፣ መስኮቱን እዘጋልሃለሁ» ብላ ዘጋችለት።

በሦስተኛው ቀን ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አሲያ የቆላ ሰው ሆናለች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነጠላዋን አውልቃ ጠርሙሱን ጠቀለለችበት። «ዘይት ብርድ ሲያገኘው ይበላሻል መሰለኝ» አለች። ጀሚል ጃኬቱን አወለቀና አለበሳት። ከዚያ ቁልቁለቱን ይዘው ወልድያ ወረዱ።

ወልድያ ምሳ ቤት ደጃፍ ላይ ነገሩ ሊፈነዳ ለትንሽ ተረፈ። ይግዛው የሚባል የከሚሴ ጨርቅ ነጋዴ ለገበያ መጥቶ ኖሮ፣ ከሩቅ አያቸውና ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የለቅሶ ሰው አመጣጥ ነው። የሀዲጃን ቀብር ቆሞ ያስቀበረ ሰው ነው። ጀሚል ከአሲያ ኋላ ሆኖ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ይግዛው ገባው፤ ፊቱ በአንዴ ፈካ፤ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

«አሲያ! አካም ጅርታ? ጠፋሽ እኮ!»

«ፈያ፣ ፈያ! ይግዛው፣ እማን አየሃት? እንዴት ናት?»

እዚህ ላይ «ደህና ናት» ብሎ ቢያልፍ ይበቃ ነበር። ደግ ሰው ሲዋሽ ግን ልክ አያውቅም። «እማማ ሀዲጃ? ሐሙስ ዕለት በራፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አግኝቻት የለ! ተሽሏታል። እንዲያውም ሳቀች።»

ሐሙስ ሀዲጃ መቃብር ከገባች አራተኛ ቀኗ ነበር። አሲያ ዘላ ይግዛውን አቀፈችው፤ እልል ስትል ምሳ የሚበላው ሁሉ ዞረ። ይግዛው በእሷ ትከሻ ላይ ጀሚልን አየው፤ ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ከዚያ ወዲያ አሲያ ሌላ ሰው ሆነች። በአራተኛው ቀን ደሴ ላይ መኪና አስቁማ ለእናቷ አረንጓዴ ሻሽ ገዛች። ኮምቦልቻ ድረስ ስታንጎራጉር መጣች። ሐርቡ ሲደርሱ አክስታቸው ሩመይሳ ቤት ሊያሳድራት መኪናውን አቆመ፤ ከሸህ ቃሲም ጋር የተቀጣጠሩት እንደዚያ ነው።

«ለምን? ፀሐይ እኮ ገና ናት፤ ከሚሴ ቅርብ ነው!»

«ፍሬኑ አላማረኝም» አላት። በአራት ቀን ውስጥ ውሸት ለምዷል።

ሩመይሳ አሲያን አቅፋ እንደ ወግ ሦስቴ ሳመቻት፤ ከዚያም አልለቅ አለቻት።

ሲነጋ አሲያ ለሱብሒ ሶላት ልትታጠብ ከቤት ወጣች። ግቢው ውስጥ ሸህ ቃሲም ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል፤ ከኋላቸው የከሚሴ ጎረቤት ሴቶች በዝምታ ተሰልፈዋል። ጎረቤት በዚያ ሰዓት ስለ ሌላ ነገር አይሰበሰብም። የውሃው ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

«አሲያ ልጄ» አሉ ሸህ ቃሲም፣ «የሰጠን አላህ ነው፣ የወሰደም እሱ ነው። እናትሽ ሀዲጃ ወደ አኺራ ከሄደች ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው።»

ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። እጅግ አለቀሰች፤ ያለቀሰችውን መጻፍ አይቻልም። ድምፅ ሲያጥራት ቀና ብላ፣ «አፉ ሳትለኝ?» አለች።

«ብላሻለች!» አሉ ሸህ ቃሲም፤ «እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ‘አሲያን አፉ ብያታለሁ’ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላስጠራችኝም? ካለችኝ ለምን አላስጠራችኝም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያውቁም። የሀዲጃን ግትርነት ግን ሁሉም ያውቃል፤ ዝምታቸው ያንን ይመስል ነበር። ጀሚልም ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልቃል። እናቱ ግን በልጇ ልብ ውስጥ እንደ ግትር ትቀራለች፣ አሲያ በሕይወት እስካለች ድረስ።

«አስጠርታሽ ነበር» አለ።

አሲያ ዞረች።

«ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሁለት ጊዜ ልካኛለች። ‘ከአፌ ትስማው’ ብላኛለች። እኔ ነኝ ጭነቴ ይለፍ ብዬ የቀረሁት። ብሄድ ኖሮ በሕይወት ትደርሽባት ነበር።» ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «አጥፍቻለሁ። አፉ በይኝ።»

ቃሉን ሲናገረው አወቀው። አራት ቀን ሙሉ ጎኑ ተቀምጣ ስትለማመደው የሰማው የእሷ ቃል ነው። እሷም አወቀችው።

«በይ ልጄ፣ አፉ በይው» አሉ ሸህ ቃሲም። «ዛሬ ቂም የሚያዝበት ቀን አይደለም።»

አሲያ እጁን ከቀሚሷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው። «ሸህ፣ እኔ ስድስት ዓመት ጠብቄ ከአፏ አልሰማሁትም። እሱ ገና አሁን መጠየቁ ነው።»

ወደ ከሚሴ የሄደችው ከሴቶቹ ጋር፣ እነሱ በመጡበት ሚኒባስ ነው። ጀሚል ብቻውን ጋቢና ገባ። ጠርሙሱ በነጠላዋ እንደተጠቀለለ ወንበሯ ላይ ቀርቷል። አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና በአንድ እጁ ደግፎ ነዳ። እናቱን ከቀበረ ጀምሮ እንባውን ሲደብቅ ከርሞ፣ አሁን ከሚሴ እስኪገባ ድረስ አለቀሰ፤ «አቧራ ነው» የሚላት ሰው ከጎኑ አልነበረችም።