አዋላጅ ማለት

ኢስሀቅ የሦስት ወር ልጁን ሱምያን በፎጣ ጠቅልሎ፣ አክስቱን ዘይቱናን እየጎተተ ቀበሌ ሲደርስ ላቡ ካንገቱ ይንቆረቆራል። የልጅቱ ልብ ቀዳዳ አለው፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሐኪሞቹ ውጭ አገር ወስደው ሊያሳክሟት ነው፤ ግን ፓስፖርት አምጡ አሉ፣ ፓስፖርት ቤት ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ አለ። ወረቀቱን የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነገ ነው።

የክብር መዝገብ ሹሙ ፍሬ ስብሐት መነጽሩን ገፋ አደረገና፣ "የት ተወለደች?" አለ።

"ጣና ላይ፣ ታንኳ ውስጥ።"

"ዓሣ ናት እንዴ?" ብሎ ብቻውን ሳቀ። "በሉ፣ ማን አዋለዳት? ሐኪም ቤት ካልሆነ የነበረ ሰው ይመስክር።"

ልጅቱ የተወለደች ቀን ኢስሀቅ ሐሙሲት ገበያ ዓሣ እየሸጠ ነበር። ሚስቱን ናኢማን ምጥ ሲጸናባት ወደ ባሕር ዳር ይዘዋት የቀዘፉት ዘይቱና ብቻ ናቸው። ልጅቱን መሀል ውሃ ላይ ተቀበሉ፤ የናኢማ ደም ግን አልቆም አለ፣ እዚያው አለፈች።

"እሳቸው ነበሩ" አለ ኢስሀቅ።

"እኔ? ኧረ እኔ አልነበርሁም!"

ኢስሀቅ ክው አለ። ለካ ዘይቱና የቀበሌ ስብሰባ ላይ "ያለፈቃድ ያዋለደች ትጠየቃለች" ሲባል ሰምተዋል። በዚያ ላይ እናቲቱ ሞታባቸዋለች።

"አክስቴ፣ በሞቴ! እትብቷን ማን ቆረጠው፣ ጉማሬ ነው?"

"አላውቅም!"

ፍሬ ስብሐት አሳዘኑት መሰል፣ ሕጉን ገለጠ። "እማማ፣ አይፍሩ። አዋላጅ ማለት ተምሮ ፈቃድ ያወጣ ነው። እርስዎ በሕግ አዋላጅ አይደሉም።"

"አይደለሁም?" የዘይቱና ድምፅ ተሰበረ። "ታዲያ ናኢማ እጄን ጨምድዳ፣ 'እርስዎ ካሉ አልሞትም' ያለችው ማንን ነው?"

ፍሬ ስብሐት ሕጉን ዘጋ።

"ነበሩ ማለት ነው?"

"ነበርሁ። ፈርቼ ዋሸሁ። ልጅቱን ባፌ ነፍቼ አስለቀስሁ፣ እናቷን ማትረፍ ግን አቃተኝ።" ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "እሰሩኝ። እሷን ግን ጻፏት።"

ፍሬ ስብሐት እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። የሱምያ ትንፋሽ ይቆራረጣል።

"ጋሼ፣ እርስዎ እስኪያስቡ እሷ አትጠብቅም" አለ ኢስሀቅ።

ሰውየው ጻፈ። ዘይቱና "ምስክር" የሚለው ላይ ባውራ ጣታቸው ፈረሙ፤ ቀለሙ ጣታቸው ላይ ተጨማለቀ።

"የእናቲቱስ ሞት ተመዝግቧል?"

"አልተመዘገበም" አለ ኢስሀቅ።

"ለእሱም ያየ ሰው ያስፈልጋል።"

ዘይቱና ጣታቸውን ገና አልጠረጉም ነበር። መልሰው ዘረጉት።