የወንዛዬዋ ምራትና የጣራ ገዳም ጦጣዎች

ብዙነሽ ከወንዛዬ ተድራ ጣራ ገዳም ሥር ወዳለ መንደር የመጣችው በግንቦት ነበር። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከገዳሙ ጫካ የሚወርዱት ጦጣዎች ማሳው ውስጥ ይፈነጩ ጀመር። አማቷ እሜት አሰለፈች ድንጋይ ሲለቅሙ ብታይ፣ «ይተዉት እማማ፣ እኔ በአፌ እመልሳቸዋለሁ» አለች።

ጉራ አልነበረም። በአባቷ ማሳ፣ ጦጣ ውሻ ሲያይ የሚጮኸውን አስመስላ ስትጮህ መንጋው ሁሉ ዛፍ ላይ ይወጣላት ነበር። አሁንም የአማቷ ማሳ ዳር ያለው ማማ ላይ ወጥታ አንድ ረዘም ያለ ጩኸት ለቀቀችው። ጦጣዎቹ ቀና ብለው አዩዋት፤ አይተዋትም ወደ በቆሏቸው ተመለሱ። አንዱ ትልቅ አውራ ቁጭ ብሎ እሸቱን እየላጠ ይመለከታት ገባ።

«የወንዛዬ ቋንቋ እዚህ አይሰማም መሰለኝ» አሉ አማቷ፣ በሳቅ የፈሰሰ እንባቸውን እየጠረጉ።

ብዙነሽ አፈረች፤ ነገሩ ግን ከልቧ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጫካው ዳር ቆማ ታዳምጥ ጀመር። በሳምንቱ የጎረቤት ውሻ በዚያ ሲያልፍ የፈለገችውን ሰማች። የዚህ አገር ጦጣ ጩኸቱን አያስረዝመውም፤ ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ያደርግና መጨረሻውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ጓዳ ገብታ ስትለማመድ ባሏ ሞላ ሳል የያዛት መስሎት ዳማከሴ ቀጥፎ አመጣላት።

በማግስቱ ማማው ላይ ወጥታ ሦስቴ ቆረጥ አደረገችው። ማሳው ባንዴ ተናወጠ፤ ጦጣው ሁሉ ተንጋግቶ ዳር ያለው ዋርካ ላይ ሰፈረ።

እሜት አሰለፈች ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህንን ጩኸት ሰምተውት ኖረዋል፤ ሰምተው ግን አላዳመጡትም ነበር። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ማማው ላይ ወጡና ከምራታቸው ጎን ተቀመጡ።

«በይ አስተምሪኝ» አሉ።

ሁለት ቀን አማት ሲጮኹ፣ ምራት ስታርም ዋሉ። በሦስተኛው ቀን እሜት አሰለፈች ሲጮኹ ግልገሎቹ ተሯሩጠው ዛፍ ላይ ወጡ። ትልልቆቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ትንንሾቹ ገና ጆሯቸው አልለመደም፤ ከሰሙት ጩኸት ሁሉ ይሸሻሉ» አለች ብዙነሽ፣ ሳቋን ይዛ።

«ይሁን፣ ለሕፃናቱ በቅቻለሁ» አሉ እሜት አሰለፈች ደስ ብሏቸው፤ መቀነታቸውንም ጠበቅ አድርገው እንደገና ጮኹ።