የማሽኑ ቦታ

እናትና ልጅ የሚከራይ ቤት ሲያዩ ይሄ አምስተኛው ነው፤ በአቅማቸው የተገኘውም እሱ ብቻ ነው። ደላላው በር ላይ «ስለ ስፌት ማሽኑ ትንፍሽ እንዳትሉ! አከራይዋ ድምፅ አይወዱም» ብሏቸዋል። ልጅቷ እሺ ብላ ነበር፤ ግን ውይ ያ መስኮት! ፀሐዩ ፏ ብሎ ሲገባ ስታይ አመለጣት።

«እማዬ፣ ማሽንሽ እዚህ ጋ ልክክ ይላል!»

ቤቱን የሚያሳዩዋቸው አከራይ ዞር አሉ። ደላላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«የምን ማሽን?» አሉ አከራይዋ።

«አይ... ማለቴ...» እናት እንደ ሌባ ተርበተበተች። በዚያ ማሽን ሰፍታ ያሳደገቻት እናቷ! ልጅቷ ወደ አከራይዋ ጠጋ አለች።

«አዎ አላት፣ እትዬ! በእግር የሚረገጥ ነው፤ ድምፁም ይኸው ይቺን ታህል ነው» ብላ ወለሉን በጫማዋ ቀስ እያደረገች መታች፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

አከራይዋ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳትነኪው ብቻ» አሏት እናትን። «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?»

ባለፉት አራት ቤቶች እናት «እዚህም እዚያም እላለሁ» ነበር መልሷ። አሁን ግን ቀና አለች።

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»