በየበሩ ያለ ጫማ

«ልጆች አሉህ?»

«ሦስት። ምነው እማማ?»

«እኔ እንደ ሌላው ልጅ ላለው አላከራይም አልልም። ይሩጡበት! ብቻ ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ልብስ ስትተኩሱ መነጋገር ነው።»

«ኧረ ልከራይ አልመጣሁም! ቤቱን ልገዛ ነው። ሙዘይን እባላለሁ፤ አዲሱ ገበያ ሱቅ አለኝ። ደላላው አልነገርዎትም?»

ደላላው ገዢው የሚመጣው ቅዳሜ ነው ብሏቸው ነበር። እትዬ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ተከራይ መስሏቸው ነበር።

ሽሮ ሜዳን አለፍ ብሎ ያለው ግቢያቸው፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ስድስት ክፍል የተደረደረበት የድሮ ጭቃ ቤት ነው። በየበሩ ጫማ ተቀምጧል። ቤቱን ለመሸጥ የተስማሙት፣ የጥጓ ክፍል እስከ ዕለተ ሞታቸው የእሳቸው ሆና ከቀረች ብቻ ነው። ሙዘይንም በደላላው በኩል ቃሉን ልኳል፦ ተከራይ ካለበት ሳያፈርስ ይገዛዋል፣ እሳቸውም ይቀመጣሉ። ባዶ ከሆነ ግን አፍርሶ ፎቅ ይሠራበታል።

ሰውየው ቤት መግዛትን እንደ ሐብሐብ መምረጥ ነው የያዘው። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ቀና ብሎ የቆርቆሮውን ዝገት አየ፣ ሽንት ቤቱን ከፍቶ ቶሎ ዘጋው።

«ውሃ መቼ መቼ ይመጣል?»

«ደስ ሲለው።»

«ልስኑ ቢረግፍም ማገሩ ደህና ነው። ዋናው ሰው መኖሩ ነው። ይኼ የማን ክፍል ነው?»

«የዮናስ። ሸማኔ ነው።»

ሙዘይን ቆሞ አዳመጠ። በዚያ ሰፈር በጠዋት የሸማኔ ቤት ዝም አይልም፤ ከጎረቤት ግቢ እንኳ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። ከዚህ በር ግን ምንም።

«ተኝቷል እንዴ?»

«ትንሽ አሞታል።»

«ይኼኛውስ?»

«የሳምሪ ነው። ሥራ ሄዳለች።»

ሙዘይን ጎንበስ ብሎ የሳምሪን ጫማ አነሳና ዘቀዘቀው። የትናንት ማታው ዝናብ መሬት ላይ ተንዠቀዠቀ። የዮናስንም ዘቀዘቀ። ከእሱም ፈሰሰ።

ዝናብ ሲመጣ ጫማውን የማያስገባ ተከራይ የት አለ? እትዬ የዓለምወርቅ ማታ ሮጠው ያስገቡት የራሳቸውን ብቻ ነበር።

ተከራዮቹ አንድ በአንድ ቤት ለቀው ወደ ሸጎሌ ሰፈር ከሄዱ ቆይተዋል። ጥለውት የሄዱትን አሮጌ ጫማ እትዬ የዓለምወርቅ በየበሩ ያስቀመጡት መጀመሪያ ሌባ ሰው አለ ብሎ እንዲፈራ ነበር። በኋላ ግን ወደ ቧንቧው ሲያልፉ «ደህና አደርክ ዮናስ?» ማለት ጀመሩ፤ መልስም የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆም ይላሉ።

ሙዘይን ጫማዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በየቦታቸው መለሰ። ግቢውን ዞር ብሎ አየ።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው?»

እትዬ የዓለምወርቅ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ አሁን ከማን ጋር ነው የምታወራው?»